የአልጋ ሠሪው ሙሽሮች

በሱዳን፣ በገዳሪፍ ከተማ፣ ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ ባለው አቧራማ መንገድ ላይ፣ ባንተአምላክ የሚባል የሸሂዲ ልጅ አልጋ ይሠራል። ቁመቱ ዘለግ፣ ጠባዩ ረጋ ያለ ሰው ነው። እንጨት ከመቁረጡ በፊት ዙሪያውን እየዞረ ያያል፣ ይዳብሳል፣ «እንግዲህ አንተን ምን ላድርግህ?» ይለዋል። ደንበኛው ቢቸኩል እሱ አይቸኩልም። ከእሱ ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋራው ፍራሽ ሻጩ ረድዋን ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ወላጆቹ የጎንደር እስላሞች ይሁኑ እንጂ እሱ ተወልዶ ያደገው እዚያው ገዳሪፍ ነው። ወሬ በአማርኛ ይጀምርና በዓረብኛ ይጨርሳል። ሳቅ ሲይዘው ደግሞ የሚወድቅበትን አይመርጥም፤ ዙሪያው ሁሉ ፍራሽ ነው።

አንዱ አልጋ ይሠራል፣ አንዱ ፍራሽ ይሸጣል። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ግቢ ቢከራዩ፣ ከአንድ ሳህን ፉል ቢበሉ ማንንም አልገረመም። «ሸሪኮች ናቸው» ይባላል፤ ሽርክናውም እውነት ነው። ከሽርክናው በላይ ያለውን ግን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ክረምት ጎርፍ ሱቆቹ ውስጥ ገብቶ ፍራሽ ተሸክመው ሲያወጡ፣ ሁለቱም እስከ ወገባቸው ጭቃ ሆነው ሳለ፣ አንድ ትልቅ ፍራሽ እንደ ጀልባ መንገዱን ይዞ ተንሳፍፎ ሄደ። ረድዋን ማልቀስ ሲገባው በሳቅ ፈርሶ ጭቃው ውስጥ ቁጭ አለ። ባንተአምላክ ቆሞ አየውና፣ ይህን ሳቅ ሳይሰማ መዋል እንደማይችል ያን ጊዜ ገባው። ረድዋንም ቀና ብሎ ሲያየው ገባው። ከዚያ ወዲህ አብረው ናቸው።

ያ አገር እንዲህ ያለ ነገር ስሙ የሚነሳበት አገር አይደለም፤ ከተነሳም መዘዙ በሐሜት አያበቃም። ሸሂዲም ቢሆን አይሻልም። ስለዚህ ነገሩን ባንተአምላክ አልጋ እንደሚገጣጥመው አድርገው ያዙት፤ ጠንክሮ የቆመ፣ ምስማሩ ግን ከውጭ የማይታይ።

ረድዋን በቤተሰብ በኩል ሰላም አግኝቷል። ገና በጉርምስናው የአጎቱን ልጅ አጋብተውት፣ እሱም እሷም ተያይዘው ሲያለቅሱ ከርመው በስምምነት ተፋትተዋል። ከዚያ በኋላ እህቱ ዙህራ «ሞክሮታል፣ አልሆነለትም፣ ኻላስ፣ አበቃ!» ብላ የዘመዱን ሁሉ አፍ ዘጋች። የባንተአምላክን እናት የወይዘሮ በለጠችን አፍ የሚዘጋ ግን አልተፈጠረም። ወይዘሮ በለጠች ድምፃቸው ከባድ ነው። ከሸሂዲ ሲደውሉ፣ ስልኩ ለምን እንዳስፈለገ ሰው ይጠራጠር ነበር።

ባንተአምላክና ረድዋን ሃይማኖታቸው ስለሚለያይ፣ የማን ሥጋ ይበላ እየተባባሉ እንዳይነታረኩ፣ ሥጋ ጨርሶ ግቢያቸው እንዳይገባ ተስማምተዋል። ፉል፣ ምስር፣ ባሚያ ነው ምግባቸው። ወይዘሮ በለጠች ይህን ሲሰሙ ሸሂዲን በአንድ እግሯ አቆሟት። «ልጄ ዓመቱን ሙሉ ይጾማል!» አሉ ለሰው ሁሉ። «ቅዱስ ሊሆንብኝ ነው። ቶሎ ካልዳርኩት ይመነኩሳል!»

እንዲህ ሲሉ ከርመው አንድ ቀን ደወሉ።

«ባንቴ! ልጅቷን ልኬልሃለሁ!»

«የቷን ልጅ?»

«ሚስትህን ነዋ! እሌኒ ትባላለች። ዛሬ ማለዳ ድንበሩን ተሻግራለች። ከአውቶቡሱ ተቀበላት!»

ሽሮ እንኳ ሲልኩ ቀደም ብለው ይነግሩት ነበር። ባንተአምላክ መላጊያውን አስቀምጦ ፀሐዩ ውስጥ ወጣ። እሌኒ ከጋላባት አውቶቡስ ላይ ጓዟን አቅፋ ወረደች፤ ጠይም፣ ትልልቅ ዓይኖች ያላት፣ የደከማት ልጅ። ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ጭኖ ወደ ሱቁ አመጣትና እግሯ ደፉን እንደረገጠ ማነጠስ ጀመረች። ሰጋቱራው አልተስማማትም። አንድ፣ ሁለት እያለች ሳይሆን ማቆሚያ በሌለው ማነጠስ። ረድዋን ሮጦ ውሃ አመጣ፤ ውሃው ላይ አነጠሰች። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይቺ ልጅ ከአልጋ ሠሪ ቤት አንድ ሳምንት አትቆይም» አለና ወደ ዙህራ ቤት ወሰዳት።

ማታውን ባንተአምላክ ማንም ጠይቋት የማያውቅ ነገር ጠየቃት።

«እሌኒ፣ ለመሆኑ አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»

እሌኒ ሌላ ሰው የተጠየቀ መስሏት ዞር ብላ አየች። «እኔ?»

«አንቺ።»

ብዙ አሰበች። «ጠዋት የሚስቅ ሰው» አለች በመጨረሻ። «አባቴ እስከ ምሳ ድረስ ተኮሳትሮ ነው የሚውል። ከምሳ በኋላ የሚስቅ ሰው ሞልቷል። ጠዋት የሚስቅ ግን አላየሁም።»

ባንተአምላክ ሌሊቱን አሰበበትና ማለዳ ቀጥ ብሎ ዳቦ ጋጋሪው ተሻለ ዘንድ ሄደ። ተሻለ ሰው ሁሉ ተኝቶ እያለ ሥራውን ስለሚጨርስ፣ ፀሐይ ስትወጣ የዓለሙን ሸክም የጣለ ሰው ነው፤ ይዘፍናል፣ ዳቦ እየወረወረ ይቀልባል፣ አህያ ቢያልፍ «እንዴት አደርሽ?» ይላል። እሌኒን ዳቦ እንድትገዛ ላኳት። የዳቦ ቤቱ ዱቄት እንደ ጉም ነው፤ እሌኒ አንድም ጊዜ አላነጠሰችም። ዳቦውን ግን ይዛ ለመመለስ ግማሽ ቀን ፈጀባት።

ሰርጉ ካለፈ በኋላ ባንተአምላክ ለእናቱ ደወለ።

«እምዬ፣ እሌኒ አገባች።»

«እልልልልል!» አሉ ወይዘሮ በለጠች። ጎረቤቶቻቸው ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው እልል አሉ። ባንተአምላክ ሊያስረዳ ቢሞክር ማን ሰምቶት! በግ ሲጎተት ይሰማዋል። በጉ ታረደ፣ ሰፈሩ በላ፣ ጠጣ፣ መረቀ። ወይዘሮ በለጠች በማግስቱ ድምፃቸው ሰልሎ ደወሉና «ለመሆኑ ሙሽራዬን አገናኘኝ እንጂ» አሉ።

«እሷ ዳቦ ቤት ናት፣ እምዬ። ያገባችው ተሻለን ነው።»



«በጉን በልተነዋል እኮ!» አሉ ወይዘሮ በለጠች።

እናቱ ያጩለት ሁለተኛዋ ሙሽራ የሺሐረግ ነበረች። እሷ ደግሞ ባሏ የሞተባት፣ ፋው ድረስ ሄዳ በጥጥ ለቀማ የሠራች፣ ምላሷ ከጉልበቷ የማይተናነስ ሴት ናት። ባንተአምላክን ከእግር እስከ ራሱ አየችና «አንተ ልጅ፣ ዓይንህ እኔ ላይ የለም። ጊዜዬን አታባክን» አለችው። እሱም ሳይደብቅ «ልክ ነሽ» አላትና ቁጭ ብለው ሻሂ ጠጡ። ስታወራ የማያቋርጣት ሰው ትፈልግ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ሽሻይ፣ ከስደተኛ ካምፕ መጥቶ ሱቅ የከፈተው፣ «ይላጭ?» እና «ጨርሻለሁ» ከሚሉት ቃላት ሌላ ሲናገር የሰማው የለም። የሺሐረግ መስታወቱ ፊት ተቀምጣ አወራች፣ ሽሻይም ማበጠሪያ ይዞ አዳመጠ። ሲመሽ ሽሻይ «ነገም ነዪ» አለ። መንገዱ ሁሉ ተገረመ።

ከዚህ በኋላ የባንተአምላክ ስም ወጣ። ባሱንዳ ለሰሊጥ አጨዳ የሄዱ ወንዶች፣ ሻሂ የሚሸጡ ሴቶች፣ ልጄ ቀረችብኝ የሚሉ እናቶች፣ ሁሉም አልጋ የሚያዙ መስለው እየመጡ ጎን ለጎን ሌላ ነገር ይጠይቁ ጀመር። እሱም የአልጋ ልኬት የሚወስድ መስሎ ይጠይቃቸዋል። «በየት ጎንህ ትተኛለህ? ታንኮራፋለህ? ስትነሳስ ታኮርፋለህ?» ከመልሳቸው ሰውየውን ያውቀዋል። ሌሎች አገናኞች ጥሩዋን ለራሳቸው ወይም ለዘመዳቸው ሲያስቡ፣ እሱ ለራሱ የሚፈልገው ስለሌለ ዓይኑ አይጋረድም ነበር። ረድዋን ደግሞ ለየሙሽሮቹ ፍራሽ እያቀረበ «በዚህ ዓይነት አሮጊት ዘመዶችህ ሁሉ ሚስት ቢልኩልህ ምን አለበት?» እያለ ይስቅበታል።

ሳቁ የቆመው ወይዘሮ በለጠች «ራሴ መጣሁ!» ብለው ከጋላባት በደወሉ ዕለት ነው።

ደነገጡ። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ አልጋው ግን አንድ ብቻ። ባንተአምላክ በእጁ ያማረ ነገር ሠርቶ ቢያውቅ ያን አልጋ ነው፤ ሰፊ፣ ራስጌው ላይ የማሽላ ዛላ የተቀረጸበት። ለከተማው ሁሉ አልጋ ሲሠራ ለራሱ ቤት ሁለተኛ አልጋ መሥራት ትዝ ብሎት አያውቅም። ረድዋን ክፍሉን እየዞረ «ምን እንላለን? ምን እንላለን?» ሲል ቆየና ፍራሽ የሚጠቀለልበትን ላስቲክ አምጥቶ አልጋውን ከራስጌ እስከ ግርጌ ሸፈነው። «ናሙና ነው እንላለን። ለደንበኛ የምናሳየው።» ሁለት ጠባብ የገመድ አልጋ ከገበያ ተውሰው አንዱን ከበሩ ግራ፣ አንዱን ከበሩ ቀኝ ዘረጉ።

ወይዘሮ በለጠች በርበሬ፣ ሽሮና አንዲት የምትጮህ ዶሮ ይዘው ገቡ። ድንበር ላይ አንዱ ፖሊስ ለዶሮዋ ወረቀት ጠይቋቸው፣ እሳቸውም በአማርኛ ምን እንደመለሱለት ባይታወቅም፣ ሰውየው ጆሮውን ይዞ «ኢምሺ፣ ያ ሐጃ፣ ኢምሺ!» ብሎ፣ በቃ ሂጂልኝ እንደማለት፣ እንዳሳለፋቸው ነገሯቸው። ቤቱን ዞረው አዩ። አልጋው ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄስ?»

«ናሙና ነው እምዬ። ለሽያጭ ነው።»

«እሰይ» አሉና ላስቲኩን ገፈው ተኙበት። በማግስቱ ሁለቱ ለሥራ ወጥተው ሲመለሱ ክፍሉ ባዶ ነበር። ወይዘሮ በለጠች እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው በሩ ላይ ጠበቋቸው።

«ሸጥኩላችሁ! አንዲት የሙሽራ አክስት ፍራሽ ልታይ መጥታ፣ እጇን ይዤ አስገባኋትና አሳየኋት። በጋሪ ወሰደችው። ንግድ እንዲህ ነው፣ ልጆቼ! እናንተ ዕቃ ሸፍናችሁ ታስቀምጣላችሁ!»

ባንተአምላክ ዛላዎቹ የነበሩበትን ግድግዳ አየ። ረድዋን አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከዚያ «ማሻአላህ፣ እማማ» አለ በቀጭን ድምፅ፣ ወደ ጓሮ ወጣና ግማሹን እያለቀሰ ግማሹን እየሳቀ እንቁላል ትጥል እንደሆነ ዶሮዋን ይመለከት ጀመር።

ከዚያ የወይዘሮ በለጠች ዘመቻ ተጀመረ። በየቀኑ አንዲት ሴት ይዘው ሱቁ በር ላይ ይደርሳሉ። በየቀኑም ሴትየዋ ባንተአምላክን በጆሮው «ወንድሜ፣ ያን የመርፌና ክር ነጋዴውን ታውቀዋለህ?» ወይም «ያ ረጅሙ ሹፌር አግብቷል?» ብላ ትሄዳለች። ወይዘሮ በለጠች «ምን አለችህ? ምን አለችህ?» ይላሉ፤ እሱም «አልጋ ታዛለች» ይላል። እንዲህ እያለ ሰው ያገባል፣ እሳቸው ይበግናሉ።

ያመጡት በርበሬ መፈጨት ነበረበትና ወደ ጋሽ ደጉ ወፍጮ ቤት ሄዱ። ጋሽ ደጉ ሚስታቸው ከሞቱ የቆዩ፣ ምራቃቸውን የዋጡ፣ ቢጠርጉት ቢጠርጉት ፂማቸው ሁሌ ዱቄት የለበሰ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ወፍጮ አጠገብ ስለጨረሱ ጆሯቸው ደክሟል። ሰው ሁሉ የሚያንሾካሹክ ይመስላቸዋል፤ ደንበኛ ሲያናግራቸው ራሳቸውን ነቅንቀው የመጣላቸውን ይመልሳሉ። ወይዘሮ በለጠች ከበሩ ላይ ሆነው «በርበሬዬን አልመህ ፍጭልኝ፣ እንደ ባለፈው ሰውዬ እንዳታሻክረው!» አሉ።

ጋሽ ደጉ ቀና አሉ። ወፍጮውን አጠፉ።

«እሜቴ» አሉ፣ «እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ አጥርተው የሚናገሩ ሰው ዛሬ ገና አየሁ።»

ወይዘሮ በለጠች በሕይወታቸው «ቀስ በይ፣ ዝም በይ፣ ሰው ተኝቷል» ሲባሉ ነው የኖሩት። ሟች ባላቸው እንኳ ጆሯቸውን በጥጥ ደፍነው ነበር የሚተኙት። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለስለስ አድርገው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ።

«ምን አሉ?» አሉ ጋሽ ደጉ።

ነገሩን ቀድሞ ያየው ረድዋን ነው። «ዞል» አለው ባንተአምላክን፣ ፍራሽ እየሰፋ፣ «እናትህ ትናንት አንድ ብርጭቆ ሽምብራ ለማስፈጨት ወፍጮ ቤት ሄደዋል።»

«እና?»

«ዛሬ ደግሞ ያስፈጩትን ሽምብራ እንደገና ለማስፈጨት ሄደዋል።»

ባንተአምላክ መዶሻው ከእጁ ወደቀ። «ምን ማለትህ ነው? እናቴ? በዚህ ዕድሜዋ? ሰው ምን ይላል? እኔስ ፊቴን የት አደርገዋለሁ? ልጅ አድርሳ፣ ፀጉሯ ሸብቶ! አይሆንም! ስንት ደህና...»

ረድዋን መርፌውን አየር ላይ ይዞ ያየው ነበር። ባንተአምላክ የራሱን ድምፅ ሰማና አቆመ። ልክ እናቱን መስሎ ነበር። ረድዋን ከፍራሹ ላይ ተንከባሎ ወደቀ፤ ባንተአምላክም ትንሽ ተኮሳትሮ ቆየና ከአጠገቡ ተቀምጦ አብሮት ሳቀ።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ደጉ ንጹሕ ጀላቢያ ለብሰው፣ ፂማቸውን አራግፈው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ሰው ሁሉ ልጁን ሊድሩ የመጡ ሲመስለው እናቱን ጠየቁ። ወይዘሮ በለጠች ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀላ፤ ዓይናቸው ግን በራ። ከዚያ ራሳቸውን በኃይል ነቀነቁ።

«አይሆንም! ልጄን ሳላጋባ እኔ ላገባ? ምን ዓይነት ጉድ ነው? ባንቴ ካላገባ እኔ አላገባም!»

ሽማግሌዎቹ ባንተአምላክን ዞረው አዩት። ጋሽ ደጉም አዩት፤ ዕድሜ ልካቸውን ሳይሰሙ ኖረው ያን አንድ ቃል አጥርተው ሰምተዋል። ቡና እንኳ ሳይጠጡ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ባንተአምላክ እናቱን ብቻቸውን አገኛቸው። ጓሮ፣ የኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። እሱም ከምስሩ አንድ እፍኝ ወስዶ አብሮ ለቀመ። ስንት ሙሽራ ድሮ፣ ስንት ሰው አናግሮ፣ ለራሱ ሲሆን ምላሱ ተሳሰረ።

«እምዬ፣ ስለኔ ብለሽ አትቅሪ። እኔ ብቻዬን አይደለሁም።»

እጃቸው ቆመ። «ሰው አለህ?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ! ማን ናት? የማን ልጅ?»

ባንተአምላክ ግቢው ውስጥ ወዳለው ሰው ተመለከተ። ረድዋን አንድ ፍራሽ ገመድ ላይ ሰቅሎ በዱላ አቧራውን ያራግፍ ነበር፤ በተመታ ቁጥር አቧራው ፊቱ ላይ እየመጣ፣ እሱ እየሳለ ፍራሹን በዓረብኛ እየሰደበ። ወይዘሮ በለጠች የልጃቸውን ዓይን ተከትለው አዩ። ከረድዋን ሌላ ሰው ካለ ብለው ከኋላው አዩ። ማንም የለም። ዶሮዋ ብቻ ነበረች።

«ይሄ?» አሉ። ድምፃቸው በሕይወታቸው እንዲያ ዝቅ ብሎ አያውቅም።

«እሱ።»

ምስሩን አዩ። ሰማዩን አዩ።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «ጾመኛ መስለኸኝ ነበር።»

ከዚያ ዝም አሉ። ያ ዝምታ ሰንበት ብሎ ጎረቤት አስደነገጠ፤ የሺሐረግ ሮጣ መጥታ «ማን ሞተ?» አለች። እሌኒ ከነባሏ ዳቦ ይዛ ለልቅሶ መጣች። ወይዘሮ በለጠች ግን በጣታቸው «ደህና ነኝ» እያሉ ይመልሷቸዋል። ባንተአምላክ እንጨት አበላሸ፣ ጣቱን መታ፣ ምግብ አልዋጥ አለው። ረድዋንም መሳቁን ተወ። እንዲያውም እቃውን ሸክፎ ወደ ዙህራ ሊሄድ ቦርሳውን አንስቶ ነበር።

ወይዘሮ በለጠች ቦርሳውን አዩት። «ወዴት?»

«እህቴ ዘንድ፣ እማማ። እርስዎ እንዳይቸገሩ።»

«ቁጭ በል።» ተቀመጠ። ብዙ አዩት። «ልጄ ያንኮራፋል?»

ረድዋን ግራ ገባው። እውነቱን ለመናገር ወሰነ። «ያንኮራፋል፣ እማማ። በጣም።»

«አባቱም ያንኮራፋ ነበር። ወደ ግራ ገልብጠው፣ ያን ጊዜ ይተዋል።» ተነሱና ጉልበታቸውን አራገፉ። «ነገሩ አልገባኝም። ሊገባኝም ላይችል ይችላል። ግን ጠዋት ስትስቁ ሰምቻለሁ። ይሄን ቦርሳ ከፊቴ አንሳ። እኔ ደግሞ ወፍጮ ቤት ደርሼ እመጣለሁ።»

እና ሄዱ። ምንም የሚፈጭ ነገር አልያዙም ነበር።

ሰርጉ የደስ ደስ ነበረው። ጋሽ ደጉና ወይዘሮ በለጠች ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ገቡ፤ ሲጫወቱ መንገደኛ የተጣሉ እየመሰለው ሊገላግል ይገባል፤ እነሱም ስለ ሽምብራ እያወሩ አግኝቷቸው አፍሮ ይወጣል። ባንተአምላክና ረድዋን በየዓርቡ እዚያ ይበላሉ።

ሆኖም ወይዘሮ በለጠች የገቡበት የሐበሻ ሴቶች ማኅበር አላስቀመጣቸውም። «ራስዎ አገቡ፣ ልጅዎስ?» ይሏቸዋል በየወሩ። አንድ ቀን ታክቷቸው «አግብቷል!» አሉ። «ማንን?» ሲሏቸው «የዚህን አገር ልጅ። ሀዲያ ትባላለች። ፖርት ሱዳን ነርስ ናት!» አሉ። ወዲያው ሴቶቹ ምን ትመስላለች፣ መቼ ትመጣለች፣ እናትየውስ ማን ናት እያሉ ከበቧቸው። ወይዘሮ በለጠች ውሸት መፍጠር እንደ መጮህ አይቀላቸውምና፣ መልስ ሲያልቅባቸው «ስለሷ አታንሱብኝ፣ ተኳርፈናል!» ብለው ነገሩን ዘጉ።

የዘጉ መሰላቸው እንጂ ከፈቱት። ባለፈው ዓርብ ከማኅበሩ ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወይዘሮ በለጠችን ከምራታቸው ጋር ሊያስታርቁ መጡ። ባንተአምላክና ረድዋን ምሳ ላይ ነበሩ።

«ልጅ ናት፣ ታጠፋለች» አለች አንደኛዋ። «እናት መሆንዎን አይርሱ።»

«እኔን አላከበረችኝም!» አሉ ወይዘሮ በለጠች። ከነገሩ ብዛት እውነት የተናደዱ ይመስሉ ነበር።

«ምን አድርጋ?»

ወይዘሮ በለጠች ዙሪያቸውን አዩ። ዓይናቸው ረድዋን ላይ አረፈ። «ወጥ ላይ ጨው ታበዛለች!»

«እውነት ነው፣ አበዛለሁ» ሊል ረድዋን ምንም አልቀረው፤ ባንተአምላክ በክርኑ ጎሸመው። ረድዋን ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ተነሳ፣ ሄዶም ወይዘሮ በለጠች እግር ሥር ተንበረከከ።

«እማማ» አለ፣ «እሷ ሩቅ ናት፣ መምጣት አትችልም። ስለሷ ሆኜ እኔ ልለምንዎ። ካጠፋች ከማወቅ ማነስ ነው። እርስዎን ትወዳለች። ይቅር ይበሏት።» ዝቅ ብሎም ጉልበታቸውን ሳመ።

ወይዘሮ በለጠች አንገቱን አዩት፤ ከሰፋው ፍራሽ የተረፈ ጥጥ ፀጉሩ ላይ ተጣብቋል። ጥጡን በጣታቸው ለቀሙለት። እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው፣ መንገድ ድረስ በሚሰማው ድምፃቸው መረቁ።

«ይቅር ብዬሻለሁ! እግዜር ይባርክሽ! ቤትሽን ያሙቅልሽ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ፣ ከልጄ ጋር ያስረጅሽ!»

«አሜን» አለ ረድዋን፣ ቀና ሳይል።

ሴቶቹም አሜን አሉ፤ አንዷ እንባዋን ጠረገች። ጋሽ ደጉ እንኳ ሙሉውን ሰምተው አሜን አሉ። ከዚያ አንደኛዋ ሴት «እንግዲህ ደውልና የምሥራች በላት!» አለችው ባንተአምላክን። ሌሎቹም «አሁኑኑ! አሁኑኑ!» አሉ። ባንተአምላክ ግራ ገብቶት ስልኩን ይዞ ግቢ ወጣ። ማን ዘንድ ይደውል? እጁ የለመደውን ቁጥር ነካ። ቤት ውስጥ የረድዋን ኪስ ጮኸ።

«ደንበኛ ነው!» አለ ረድዋን ብድግ ብሎ፣ እሱም ወጣ።

ሁለቱ ከግቢው ወዲህና ወዲያ ጫፍ ጀርባ ለጀርባ ቆሙ።

«ይቅር ተብለሃል» አለ ባንተአምላክ በስልኩ።

«ሰማሁ» አለ ረድዋን። «ጨው ግን አልቀንስም።»

ሴቶቹ በመስኮት ተሰብስበው ባንተአምላክን ያዩ ነበር፤ ፊቱ እንደዚያ ሲፈካ ማንም አይቶት አያውቅም። «ውይ፣ እንዴት ይወዳታል እባክሽ!» አለች አንዷ፣ ይበልጥ ለማየትም ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

ወይዘሮ በለጠች ተነስተው መጋረጃውን ዘጉባት።

«ፀሐይ ይገባል» አሉ።